የእማዬና የሳጥኑ ጉዳይ

ባለፈው ነሐሴ ልጄን ከትምህርት ቤት ይዤ ስመለስ ስዊድን ውስጥ በምንኖርባት በሱንድቢበሪ፣ አደባባዩ ላይ የአዲስ ጣውላና ያልደረቀ ቀለም ሽታ መጣብኝና ቆም አልኩ፤ ለካ የምርጫ ጎጆዎቹ ተተክለው ኖሯል። ቫልስቱጋ ነው የምንላቸው፤ ፓርቲዎቹ ምርጫ ሲደርስ የሚያቆሟቸው፣ ሁለት ሰው ከነቡና ፔርሙዙ የሚጨናነቅባቸው የእንጨት ቤቶች። አንዱ ወጣት ለልጄ ፊኛ ሰጣት፤ እሷም የማን ልደት ነው ብላ በስዊድንኛ ጠየቀችኝ። እኔ ግን የሰማኋት ዘግይቼ ነው፤ አፍንጫዬ በሐሳብ ጎትቶኝ የልጅነቴ ሰፈር አካላ ገብቼ ነበር።

ማታውኑ ለአባዬ ደወልኩለት። እማዬ ጥር ላይ ካረፈች ወዲህ የመጀመሪያው ምርጫ ነው። "ዘንድሮ እንኳ አልሄድም" አለኝ፤ "ከማን ጋር ልጨቃጨቅ ብዬ?" አባዬ አልመርጥም ሲል መስማት ቄስ አልቀድስም ሲሉ እንደ መስማት ነው። ስልኩን ዘጋሁት፤ ይሄ ሰውዬ መጨቃጨቅ ከተወ ምን ይቀረዋል?

በእኛ ቤት የምርጫ ዓመት እንደ አጽዋማቱ የራሱ ባሕረ ሐሳብ ነበረው። በረዶው ቀልጦ፣ እንዳያንሸራትት ተብሎ ክረምቱን የተበተነው ጠጠር ከመንገድ ሲጠረግ አባዬ ከቴሌቪዥኑ ጋር መሟገት ይጀምራል፤ ዋዜማው ይኼ ነው። አገሩ ሁሉ ለዕረፍት በሚበተንበት በሐምሌ ትንሽ ጋብ ይልና ነሐሴ ሲገባ በየመብራቱ ምሰሶ ላይ ፈገግታቸው የማይደክም ሰዎች ይሰቀላሉ፣ ገበያ ማዕከሉ በር ላይ ጎጆዎቹ ይበቅላሉ፣ እኔና ወንድሜም ፊኛና እስክሪብቶ ለቀማ እንሰማራለን። አቋም የሚባል ነገር አልነበረንም፤ ከረሜላ የሰጠን ሁሉ ወዳጃችን ነው። የቀኙንም የግራውንም ፊኛ በአንድ ክር አስረን ስንመጣ አባዬ እንደ ጉምሩክ በሩ ላይ ያስቆመንና የማይወዳቸውን ፓርቲዎች ፊኛ እየመረጠ በበረንዳው ይለቅብን ነበር፤ ወንድሜ ደግሞ ፊኛው ከፎቁ በላይ እስኪጠፋ ድረስ ያለቅሳል።

አባዬ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር፤ ፓርቲውን ያልነገረው ሰው በሰፈሩ አልነበረም። የጋራ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ አንዴ ከያዘህ አይለቅም፤ ጎረቤታችን ፊንላንዳዊቷ ወይዘሮ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እሱን ሲያዩ ካልሲያቸውን እርጥቡን አፍሰው ይወጡ ነበር። እማዬ ግን ሌላ ፍጥረት ናት። በአረጋውያን መጦሪያ ስትሠራ የምትውል፣ የሰፈሩን ወሬ ሁሉ ይዛ የምትመጣ ሳቂታ ሴት፣ ምርጫ ላይ ስትደርስ አፏ ይቆለፋል።

ያኔ ድምፅ የሚሰጠው በዕንቁጣጣሽና በመስቀል መካከል በምትውለው እሑድ ነበር። እማዬ ከቅዳሴ መልስ ነጠላዋን እንደለበሰች፣ አባዬ በከረባት ታንቆ፣ ሁላችንም ወደ ትምህርት ቤታችን የስፖርት አዳራሽ እንወርዳለን። አዳራሹ እንደ ወትሮው ጎማና ላብ ላብ ይላል፤ በሩ ላይ ግን ተማሪዎች ለሽርሽራቸው የሚሸጡት የቀረፋ ዳቦ ያንን ሽታ ያሸንፈዋል። የምርጫ ወረቀቶቹ በየፓርቲው ተከምረው መደርደሪያ ላይ በግልጽ ይቀመጡ ነበርና የምታነሳውን ሁሉም ያይሃል፤ ለፓርላማም ለከተማ ምክር ቤትም በአንድ ቀን ስለሚመረጥ ቀለማቸው ይለያያል፣ የፓርላማው ቢጫ ነው። አባዬ ደረቱን ነፍቶ የፓርቲውን ብቻ ያነሳል። እማዬ ደግሞ ቅመም እንደምትሸምት ሴት ከእያንዳንዱ ክምር እያነሳች መደርደሪያውን ሙሉ ትዞራለች፣ ስማቸው ሲነሳ የምታማትብባቸውንም ሳትተው፤ ከዚያ እቅፍ ሙሉ ወረቀት ይዛ፣ የመረጠችውን ፖስታ ውስጥ ልታሽግ ከመጋረጃው ኋላ ትገባለች። ስትወጣ ፖስታዎቿን ሳጥኑ ውስጥ፣ የተረፈውን ወረቀት ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች።

"እሺ፣ ማንን መረጥሽ?" ይላል አባዬ፣ ገና ከአዳራሹ ሳንወጣ።

"ምን አገባህ? የእኔና የሳጥኑ ጉዳይ ነው።"

አንድ የምርጫ እሑድ አባዬ ብልሃት መጣለት። ቦርሳዋን አምጥቶ ቢጫ ቢጫዎቹን ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ ዘረጋ፤ የጎደለው ፓርቲ የመረጠችው ነዋ! እኔና ወንድሜ ተንበርክከን አብረን ደረደርን። አንድም አልጎደለም። "ምነው፣ ባዶ ፖስታ ነው እንዴ የከተትሽው?" ብሎ ሲጮህ እማዬ ግድግዳ ተደግፋ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ያን ጊዜ ገባው፤ የመረጠችውን ሁለት አንስታ አንዱን ለእሱ አስቀርታለታለች። "አንቺ ሴትዮ፣ ለስለላ ነበር የተፈጠርሽው!" አለና እሱም አብሯት ሳቀ፤ ቀጥሎ ግን ኩርፊያ ቢጤ እየቃጣው "ባልሽ አይደለሁም?" አላት።

እማዬ ሳቋን ዋጠች። "አገር ቤት ቀበሌ ስብሰባ ጠርተው እጅሽን አንሺ ሲሉኝ አነሳሁ፣ አውርጂ ሲሉኝ አወረድኩ" አለችው። "ማን ቶሎ እንዳነሳ የሚያይ ሰው ነበር፤ ልብሽ ምን ይላል ያለኝ ግን የለም። እስቲ ይቺ አንዷ እንኳ ለብቻዬ ትቅርልኝ።"

አባዬ ወረቀቶቹን ከምንጣፉ ሰብስቦ መለሰላት። መጠየቁን በኋላም አልተወም፤ ግን ለጨዋታ ያህል ነበር፣ እሷም ጥያቄውን እየጠበቀች እንደ ፍቅር ቃል ትመልስለት ነበር። ወረቀቶቹ ለእኛ ይወርዳሉ፤ በጀርባቸው ሥዕል እንሥልባቸዋለን፣ እማዬም በታላላቅ ፖለቲከኞች ስም ጀርባ ላይ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ የመጸዳጃ ወረቀት ብላ ጽፋ ሱቅ ትልከናለች።

አሁን ምርጫው ሳምንት ቀደም ብሏል፤ ዕንቁጣጣሽን ተጠግቶ ነው የሚውለው። በዕለቱ ልጄንና አንድ እቅፍ ቢጫ አበባ ይዤ፣ የልመና ቃሌን ባቡር ውስጥ ሳሰላስል አካላ ደረስኩ። አባዬ በሩን የከፈተው ከረባቱን አስሮ ነው። "ምን ትገተሪያለሽ? ሳይዘጋ እንሂድ እንጂ!" ብሎ ከበሩ መለሰኝ። ደስታዬን የት ላድርገው!

የወረቀት መደርደሪያው አሁን ተጋርዷል፤ ማን ምን እንዳነሳ የሚያይ የለም። አባዬ ከግርዶሹ ኋላ ቆየ፤ በጣም ቆየና አስመራጩ ጉሮሮውን ጠረገ። ብቅ ሲል እቅፍ ሙሉ ወረቀት ይዟል፤ ከመጋረጃው ኋላ ገብቶ ሲወጣም ፖስታዎቹን ሳጥኑ ውስጥ፣ የተረፈውን ወረቀት ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተ። እኔም የቀረፋ ዳቦዬን እየገመጥኩ፣ መልሱን የማውቅ መስሎኝ፣ "ያው ፓርቲህን ነው አይደል?" አልኩት።

"ምን አገባሽ?" አለኝ። "የእኔና የሳጥኑ ጉዳይ ነው።"

ዳቦዬን ለልጄ አቀበልኩና ዞሬ አየሁት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ድምፁን አደባባይ ያሰጣ ሰው! እማዬ በመጨረሻ ሆስፒታል ሳለች ነግራው ይሆን? ዘንድሮ የእሱን ነው ወይስ የእሷን ድምፅ የሰጠው? ቤት ገብተን እሱ ጋደም ሲል አላስችል ብሎኝ ወረቀቶቹን ከኮቱ ኪስ አወጣሁና ከልጄ ጋር እዚያው ምንጣፍ ላይ ዘረጋናቸው። እሷ በስዊድንኛ ትቆጥራለች፣ እኔ በአማርኛ። ቢጫዎቹ ሁሉ አሉ፤ ከዚያ ቤት የጎደለችው እማዬ ብቻ ነበረች። ዓይኔ ሊሞላ ሲል ከመኝታ ቤት የአባዬ ሳቅ መጣ።

"ፈልጊ፣ ፈልጊ!" አለ። "እኔም ያን ሁሉ ዘመን ፈልጌ አላገኘሁትም።"