በመቋሚያ የተለካው መቅደስ

ልጄ የመካከለኛው ዘመን ሕንፃዎችን ታጠናለች። ውጭ አገር አንድ ዓመት ምርምር ለሚያሠራ ፌሎሺፕ ስታመለክት፣ የአንድ ጥንታዊ ሕንፃ ልኬትና ፕላን ላኪ አሏት። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አመልክታ አልተሳካላትም። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ዕድሜዋ ከገደቡ ያልፋል።

የመረጠችው ከካራ ሰፈር በላይ ኮረብታው ላይ ያለውን፣ ከአለት የተፈለፈለውን አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከወሰን ሰፈር በታክሲ ሄደን የቀረውን በእግራችን ወጣን። የሜትሩን ጫፍ የምይዘው እኔ ነበርኩ።

“እማ፣ ሜትሩን ወጥሪው!”

“ወጥሬዋለሁ። የሚያወዛውዘው ነፋሱ ነው።”

መቅደሱ ደጃፍ ስንደርስ ሜትሩን ለቀቅኩት።

“ምን ሆንሽ?”

“እዚህ ሴት አትገባም።”

“ጣሪያው እኮ ፈርሷል። ታቦቱም ወደ አዲሱ ቤተ ክርስቲያን ከሄደ ስንት ዘመኑ!”

“የነበረበት ነው።”

“ማመልከቻው ሰኞ ይዘጋል፣ እማ። ፕላኑ መሀሉ ባዶ ሆኖ ይላክ?”

ከልካይ አልነበረም፤ ብትፈልግ መግባት ትችል ነበር። አልገባችም። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ ሳያት የልጄን መንገድ የዘጋሁት እኔ ነኝ ብዬ ፈራሁ። ቃሌን ግን አላጠፍኩም።

ወደ አዲሱ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ እዚያ የሚያገለግሉትን የንስሐ አባቴን እንዲለኩልን ለመንኳቸው። ሥራቸውን ትተው መጡ። ልጄ ሜትሩን ስትሰጣቸው፣ “ይኼ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ አንድ ነኝ” አሉና መቋሚያቸውን ብቻ ይዘው ገቡ። እኛ ከውጭ ሆነን ሲቆጥሩ እንሰማለን።

“ሁለት መቋሚያ፣ ከአንድ ክንድ፣ ከስንዝር! ጻፍሽ?”

“ጻፍኩ፣ አባ!”

ሲወጡ መቋሚያውን ለካችው። ከዚያ እያፈረች፣ “አባ፣ ክንድዎንና ስንዝርዎንም ልለካ?” አለቻቸው።

“ቀሚስ ልታሰፊልኝ ነው?” ብለው እጃቸውን ዘረጉላት።

እቤት ሁሉንም ወደ ሜትር ቀየረችው። ከፕላኑ ግርጌም መቅደሱን ማን፣ በምን እንደለካው ጻፈች።

“ይስቁብሻል” አልኳት።

“ይሳቁ። የሆነው ይኼው ነው።”

ከሁለት ወር በኋላ የፌሎሺፑ ሰዎች በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ አደረጉላት። እኔ ጓዳ ሆኜ ዳዊቴን ይዤ ነበር፤ አንድ መስመር እንኳ አላነበብኩም። ስትወጣ ፊቷን አየሁት።

“ምን አሉሽ?”

“አብዝተው የጠየቁኝ ስለ መቋሚያው ነው። ለምን ራስሽ አልለካሽም አሉኝ።”

“አንቺስ?”

“እናቴ ከልክላኝ አልኳቸው።”

“ውይ! እኔን አነሳሽ?”

የተቀበሏት መሆኑን የሚናገረው ደብዳቤ የመጣ ዕለት ለንስሐ አባቴ ልነግራቸው ወጣሁ። አማተቡና መቋሚያቸውን አየት አድርገው፣ “ይቺም መቋሚያ አብራ ባሕር ተሻገረች በይኛ!” አሉኝ።

ልጄ አሁን እዚያ ናት፤ እየሠራች ነው። እኔ ጉልበቴ እሺ ያለኝ ቀን ኮረብታውን እወጣለሁ። ጫማዬን አወልቄ መቅደሱ ደጃፍ ላይ እቆማለሁ፤ አመሰግናለሁ። ወደ ውስጥ አልገባም።