ፍሬን የሌለው ወንበር

በአዳማ ምድር ከእኔ የበለጠ ደፋር ሰው የለም። ጉራ አይደለም፤ ማስረጃ አለኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ መንዳት ከማይችሉ ሰዎች ጎን ተቀምጬ ስውል ኖሬያለሁ። የመኪና መንዳት አስተማሪ ነኝ። ከከተማው ሕዝብ ግማሹን ያስነዳሁት እኔ ነኝ፤ ሌላው ግማሽ ባጃጅ ስለሚነዳ እሱን ማንም አላስተማረውም። ጋሪ ከፊቱ ሲመጣ መሪውን ለቆ የሚያማትብ ለማጅ አይቻለሁ። ነዳጅ ረግጣ «ለምንድን ነው የማይቆመው?» ብላ የምትቆጣኝ ለማጅ አይቻለሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም ቀን ዓይኔን ጨፍኜ አላውቅም።

ዓይኔን አልጨፈንኩም። እግሬ ግን ሌላ ሥራ ነበረው።

የማሰልጠኛ መኪና ከአስተማሪው እግር ሥር ሁለተኛ ፍሬን አለው። ለማጁ ሲሳሳት አስተማሪው ይይዛል። ሌሎች አስተማሪዎች ለማጁ እስኪሳሳት ይጠብቃሉ። እኔ አስቀድሜ እይዛለሁ። ሰልጣኞቼ «ቲቸር እኮ ፍየሏ መንገድ ልሻገር ብላ ሳታስብ ፍሬን ይይዝባታል» እያሉ ያሙኛል። ጥንቃቄ ነው እላቸዋለሁ። እነሱም ይስቃሉ፤ እኔም እስቃለሁ፤ መኪናው ይቆማል።

ታዲያ የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ቀኝ ዳሌዬ ማመም ጀመረ። መጀመሪያ ከመኪና ስወርድ ብቻ ነበር። ቀጥሎ ደረጃ ስወጣ፣ ቀጥሎ ጎን ስቀይር፤ በመጨረሻ ካልሲዬን ባለቤቴ ታጠልቅልኝ ጀመር። መቀመጥ አልችልም፣ መቆም አልችልም። ቤት ውስጥ ከሶፋው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ሶፋው ስመላለስ ምንጣፉ ላይ መንገድ አወጣሁ። ባለቤቴ «አንተ ሰው፣ ወይ ቁጭ በል ወይ ውጣ፤ ቤቱን መናኸሪያ አደረግከው» ትለኛለች።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ከአዲስ አበባ እየተመላለሰ የሚያክም። ራጁን መብራት ላይ ለጥፎ አየው።

«በአጥንቶቹ መካከል ያለው ልስልስ ነገር አልቋል» አለኝ።

«ጎማው አልቆ በቸርኬ እየሄድኩ ነው በሉኛ!»

«እንደዚያ ነው። መለወጥ አለበት።»

ከመሳቢያው ሦስት ነገሮች አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። አንደኛው እንደ ሲኒ የሚያብረቀርቅ የሴራሚክ ኳስ ነበር፤ የሚሽከረከርበት ጽዋም ሴራሚክ ነው። ቶሎ አያልቅም አለኝ፤ ግን አንዳንድ ሰው ላይ ሲጥ ሲጥ ይላል፤ እጅግ አልፎ አልፎም ይሰነጠቃል። ሁለተኛው የብረት ኳስ በፕላስቲክ ጽዋ ውስጥ ነው፤ ድምፅ የለውም፤ ፕላስቲኩ ግን በዓመታት ቀስ እያለ ይበላል። ሦስተኛው ትንሽ ኳስ በትልቅ የፕላስቲክ ኳስ ውስጥ ገብቶ፣ ትልቁም በብረት ጽዋ ውስጥ የሚዞርበት ነው።

«ይሄኛው ቶሎ አይወልቅም» አለ። «ይወልቅባቸዋል ተብሎ ለሚፈራላቸው ሰዎች ነው። ብዙ ጊዜ ለአዛውንት፣ ወይ ሰውነታቸው ለሚደናገጥ።»

«እሱን ይመልሱት ዶክተር» አልኩ።

ሳይከራከረኝ ወደ መሳቢያው መለሰው። ቀጥሎ ወረቀቱን ትቶ ዓይን ዓይኔን እያየ «ጋሼ፣ ምርጫው በእርስዎ ኑሮ ነው የሚወሰነው። እግርዎ በቀን ምን ምን እንደሚሠራ በትክክል ይንገሩኝ» አለ።

ነገርኩት። እሁድ እሁድ ከወጣቶች ጋር ኳስ እጫወታለሁ አልኩ። ጠዋት ጠዋት ተራራ እወጣለሁ አልኩ፤ አዳማን የከበቧት ተራሮች ሁሉ የእኔን ኮቴ ያውቁታል አልኩ። እስክስታ ስወርድ ሙሽሮች ቦታ ይለቁልኛል አልኩ።

«መኪና ውስጥስ?»

«መኪና ውስጥ እግሬ ሥራ የለውም። እጄን አጣጥፌ ነው የማስተምረው።»

«እንዲያ ከሆነ ሴራሚኩ የሚስማማዎት ይመስለኛል። ግን ተረጋግተው ያስቡበት። ያስቀየረ ሰው የሚያውቁ ከሆነ ያነጋግሩ። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ከቤተሰብ ጋር ይምጡ።»

ለእኔ ነገሩ የዳሌ ብቻ አልነበረም። የማሰልጠኛው ባለቤት አስቀድሞ ቁርጡን ነግሮኛል፤ መኪና ውስጥ መቀመጥ ካልቻልክ የመንገድ ምልክት ታስተምራለህ ብሎኛል። የምልክት ክፍል ማለት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሥዕል በዱላ እየጠቆሙ «ይህ ምንድን ነው?» ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ቆመህ ሰውን «ቁም» ማለት ታስተምራለህ። ያንን ወንበር ላለማጣት የወርቅ ዳሌም ቢሆን አስገባ ነበር። ብረቱ ይሁን ሴራሚኩ ደንታ የለኝም፤ ወደ ወንበሬ ይመልሰኝ እንጂ።

ያስቀየረ ሰው አውቃለሁ። መቂ ውስጥ የሽንኩርትና የቲማቲም ደላላ የሆነ፣ መንዳት ከእኔ የተማረ ሰው ነው። ሴራሚክ ነው ያስገባው። እኛ አገር መኪና ከመግዛትህ በፊት ያንኑ ዓይነት የገዛ ሰው ፈልገህ የእሱን አስነሥተህ ታያለህ፤ ዳሌም ከመኪና አያንስም ብዬ መቂ ልሂድ አልኩ። ባለቤቴ ጨርቅ የምትሸጥበትን ሱቅ ዘግታ በራሷ ቪትዝ ልትወስደኝ ተነሣች።

ስለ ባለቤቴ መንዳት አንድ ነገር መናገር አለብኝ። የተማረችው ሌላ ማሰልጠኛ ነው። እኔ ላስተምራት ሞክሬ ነበር፤ ከበራችን ተነሥተን አስፋልቱ ጋ ሳንደርስ ሞተር አጥፍታ፣ ቁልፉን ጭኔ ላይ ጥላልኝ በእግሯ ተመለሰች። እስከ ዛሬ ምክንያቱን አልጠየቅኳትም፤ እሷም አልነገረችኝም።

እና ከፊት፣ ከጎኗ ተቀመጥኩ። የእሷ ቪትዝ ደግሞ እንደ ማንኛውም የሰው መኪና ነው፤ ከተሳፋሪው እግር ሥር ምንጣፍ እንጂ ፍሬን የለውም።

ከአዳማ ሳንወጣ ጀመረችኝ።

«እግርህን ምን ሆነህ ነው?»

«ምን ሆንኩ?»

«ወለሉን ትረግጣለህ።»

«ዘፈን ትዝ ብሎኝ ነው።»

«ምን ዓይነት ዘፈን ነው አይሱዙ ሲመጣ ብቻ ትዝ የሚልህ?»

ሞጆ ላይ ወደ መቂ ስንታጠፍ «ሲኖትራክ!» ብዬ ጮህኩ።

«ቆሟል እኮ» አለች።

«ሊነሣ ይችላል።»

«ሹፌሩ ምሳ ላይ ነው። ያውልህ፣ ከዛፉ ሥር እንጀራ ይጎርሳል።»

ቆቃ ላይ ዓሣ አንጠልጥለው የሚሸጡ ልጆች ወደ መንገዱ ጠጋ አሉ፤ ረገጥኩ። አህያ ጆሮዋን ነቀነቀች፤ ረገጥኩ። መንገዱ ባዶ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ጨነቀኝ፤ ባዶ መንገድ ምን እንዳሰበ አይታወቅም። መቀመጫውን ወደ ኋላ ገፋሁት፣ ወደ ፊት ሳብኩት፤ ቀበቶውን አጠበቅሁ፣ አላላሁ፤ መስኮቱን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ባለቤቴ የዓለም ጤናን ከተማ እስክናልፍ ከንፈሯን ነክሳ ነዳች። ቀጥላ በቀዝቃዛ ድምፅ «በየትኛው እግርህ እንደምትረግጥ ግን ታውቃለህ?» አለችኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። በታመመው ነበር።

መቂ ደርሰን በሩን ስከፍት እግሬ አልታዘዝ አለ። ከዳሌዬ እስከ ጉልበቴ አንድ ግንድ ሆኗል። ደላላው ሽንኩርት ከሚጫንበት መኪና አናት ላይ ሆኖ አየኝና እየጮኸ ወረደ።

«አካም ጂርታ፣ ቲቸር! ምነው፣ ተጣብቀህ ቀረህ?»

ሁለት ጫኞች መጥተው እንደ ቲማቲም ሳጥን ብብቴን ይዘው አወጡኝ። አንደኛው «ቀስ፣ እንዳይፈርጥ» አለ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ በሌላ ቀን ቢሆን ቀልዱን ራሴ ነበርኩ የምናገረው።

ደላላው ዳሌውን አሳየኝ። ማሳየት ማለት ሲኖትራክ የሚያህል ጭነት ላይ ወጥቶ መውረድ ነው። እንደ ጦጣ ወጣ፣ እንደ ጦጣ ወረደ። ቅናት አንጀቴን በላኝ።

«ሲጥ ሲጥ እያለ ይዘፍናል የሚባለውስ?» አልኩት።

«ይዘፍናል! ና፣ ጆሮህን አስጠጋ።»

በገበያው መካከል፣ በጫኞቹ፣ በነጋዴዎቹና በባለቤቴ ፊት፣ ጆሮዬን የአንድ ጎልማሳ ደላላ ዳሌ ላይ ለጠፍኩ። እሱ ቁጭ ብድግ ይላል፤ እኔም አብሬ ጎንበስ ቀና እላለሁ።

«ሰማህ?»

«የመኪና ሞተር ነው የምሰማው።»

«ቆይ፣ ሰው ሲበዛበት ያፍራል መሰለኝ።»

ባለቤቴ መኪናዋን ተደግፋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ደላላው ግን ስቆ ሲያበቃ እግሬን ትክ ብሎ አየው።

«ከአዳማ ስትነሣም እንዲህ ነበርክ?»

እኔ መልስ ሳሰናዳ ባለቤቴ ቀደመችኝ። «ፍሬን ይዞ ነው የመጣው» አለችው።

«ይቺን አመል በቤት መኪናም አልተዋትም እንዴ?» አለና ወደ እሷ ዞረ። «እመቤቴ፣ እኔ ፍሬን የት እንዳለ ያወቅሁት መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት እሱ ነበር የሚይዝልኝ። መጀመሪያ ብቻዬን ስነዳ ዝም ብዬ ስጠብቅ መኪናው አልቆም አለኝ!»

እንደገና ተሳቀ። እሱ ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ይሄን ለሐኪሙ ነግረኸዋል?» አለኝ።

«የትኛውን?»

«ስማኝ ቲቸር፣ እኔ ውሸት ስናገር ነው የምውለው፤ እንጀራዬ ነው። ሽንኩርት የለም እላለሁ፣ ከጀርባዬ ተራራ ሽንኩርት አለ። ለዳሌ ሐኪም ግን አልዋሸሁም። የሚያስገባው እኔ ውስጥ ነዋ።»

ስንመለስ ባለቤቴ የኋላውን በር ከፈተችልኝ።

«እዚያ ግባ።»

«ሻንጣ ነኝ?»

«ሻንጣ አይረግጥም።»

ከፊት ገባሁ። ወንድ ነኛ። አዳማ ስንደርስ ማን እንዳወረደኝ ብናገር ጎረቤቶቼ ስለሚያፍሩ እተወዋለሁ።

በቀጠሮው ቀን ሁለታችንም ሐኪሙ ፊት ተቀመጥን። እኔ እንኳ አልተቀመጥኩም፤ ወንበሩ ላይ እየተቁነጠነጥኩ ነበር። ስለ ኳስ ጨዋታው የጀመርኩትን ወሬ ልቀጥል አፌን ስከፍት ባለቤቴ እኔን ሳይሆን ጫማዬን አየች። ሐኪሙ «እስኪ እግሩን ልየው» አለና ከባለ ጎማ ወንበሩ ሳይነሣ በእግሩ ገፋ አድርጎ ወደ እኔ ተንሸራተተ።

እግሬ ወለሉን ረገጠ። ጧ አለ።

ሐኪሙ ደንግጦ ቆመ። «ምንድን ነው፣ አመመዎት?»

«ፍሬን ነው፣ ዶክተር» አለች ባለቤቴ። «መጡበት።»

ቀልድ ፈለግኩ፤ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አጣሁ። እናም ተናገርኩ። ኳስ የምጫወት እኔ አይደለሁም፤ የምጫወተው ከሜዳው ውጪ ቆሜ በአፌ ነው። ተራሮቹ ኮቴዬን አያውቁትም። እግሬ በቀን የሚሠራው አንድ ሥራ ነው፤ ይደነግጣል፣ ይረግጣል። ዝቅ ያለች መኪና ውስጥ ተጣምሜ እገባለሁ፣ ተጣምሜ እወጣለሁ። ወደዚያች መኪና መመለስ እፈልጋለሁ፤ ሌላ የምፈልገው የለም።

ሐኪሙ አልሳቀም። ፍሬን መርገጥ ዳሌዬን እንዳልጨረሰው፣ ሕመሙ የራሱ መንገድ እንዳለው ነገረኝ። «አዲሱንም ፍሬኑ አይጨርሰውም» አለ። «የእኔ ስጋት ሌላ ነው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ባሉት ወራት ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ተጣምመው ተቀምጠው፣ ድንገት ደንግጠው ከተወራጩ ኳሱ ሊወልቅ ይችላል። ሴራሚኩ ለዕድሜው ብርቱ ነው። ለእርስዎ ግን ከሃያ ዓመት በኋላ ማለቁን ሳይሆን በዚህ ዓመት መውለቁን ነው የምፈራው።»

መሳቢያውን ሲከፍት የትኛውን እንደሚያወጣ አውቄ ነበር።

«ለሚፈራላቸው ያሉኝ?»

«እሱ።»

«ለአዛውንት?»

«ለአዛውንት ብቻ አይደለም ብዬዎት ነበር፤ ሳይሰሙኝ ነው ያስመለሱኝ።»

ባለቤቴ ኳሱን ተቀብላ በመዳፏ አዞረችው። ትንሿ በትልቁ ውስጥ፣ ትልቁ በጽዋው ውስጥ፣ ሁሉም ወዲያና ወዲህ ይዞራል፤ እንደ እኔው ማረፍ የማያውቅ ነገር ነው። «ይሄ ይሁን» አለች። እኔም ይሁን አልኩ።

ተቀየረልኝ። ወራት በክራንች አሳለፍኩ፤ የመንገድ ምልክትም አስተማርኩ፤ ሰውን ቁም አልኩ። በኋላ ሐኪሙ ሲፈቅድ ከፍ ያለ ትራስ ይዤ ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። ለማጆቹ ይሳሳታሉ፣ እኔ ፍሬን እይዛለሁ፤ አልወለቀም። ደላላው ሲደውል ሴራሚክ ነው ያስገባሁት እለዋለሁ፤ እሱም እንደማያምነኝ አውቃለሁ።

ሰው ያንን ወንበር ለምን እንዲህ እንደፈለግኩት ሲጠይቀኝ ማስተማር ስለምወድ ነው እላለሁ። አይደለም። ሰው ሲነዳ እፈራለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እፈራለሁ፤ አገር ምድሩን ብፈልግ ለተሳፋሪ ፍሬን የተሰጠው በዚያ ወንበር ላይ ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት ለዘመድ ሰርግ ባለቤቴ እየነዳች ወለንጪቲ ሄድን። ከአዳማ እስከ ወለንጪቲ ከኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ፣ እግሬን አጣጥፌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ።