ጋሽ ግርማ የወይን አዋቂ የሆነ ዕለት

ልጅ እያለሁ ድሬ፣ ከዚራ የሚባለው ሰፈር ነበር የምንኖረው። ባሏ የሞተባት አክስቴ ዘነበች ከእኛ ጋር ነበረች። ተዝካሩ ካለፈ በኋላም ጥቁር ሻሿን አልጣለችም፤ ሳቅማ ጨርሶ ርቋት ነበር። ጋሽ ግርማ የሚባል የጅቡቲ መስመር ሹፌር ሊያገባት ፈልጎ ስንት ጊዜ ደጅ ከጠና በኋላ፣ አንድ እሑድ ምሳ አብራው ልትበላ እሺ አለችው። «ልጅቷን ይዤ ከሆነ ነው» ብላ። ልጅቷ እኔ ነበርኩ።

አንድ ሆቴል ወሰደንና ግቢው ውስጥ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ከወጥ ቤቱ የጥብስና የነጭ ሽንኩርት ሽታ ይመጣል። ጋሽ ግርማ በድሬ ሙቀት ኮት ለብሷል፤ ሽቶው ከሩቅ ይጣራል። አስተናጋጁን ጠርቶ «ቀይ ወይን፣ ደረቅ ያለውን» ብሎ አዘዘ። ደረቅ የሆነ የሚጠጣ ነገር ሰምቼ ስለማላውቅ አፌን ከፍቼ አየሁት።

ወይኑ ሲመጣ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስቶ አየ፣ አሽከረከረው፣ አፍንጫውን ከተተበት።

«ጅቡቲ ፈረንሳዮቹ እንዲህ ነው የሚያደርጉት» አለ። «ይሄ የደጋ ወይን ነው፤ ዝናብ ጠግቧል።»

ከዚያ ተጎነጨ። ፊቱ ጭምድድ አለ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ግሩም ነው!» አለ እንደምንም ውጦ።

አክስቴም ቀመሰችና ብርጭቆዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«ግርማ፣ እውነት ስለ ወይን ታውቃለህ?»

ላቡን ጠረገ። እኔን አየኝ፤ እሷንም አያት።

«አቦ፣ አላውቅም» አለ። «ቀምሼውም አላውቅ። ሟቹ የተማረ ሰው ነበር ሲሉኝ፣ ባዶ ሰው ሆኜ እንዳልታይሽ ብዬ ነው።»

ሟቹ ሲነሳ ጥላን የምትሄድ መስሎኝ እጇን ያዝኩ። እሷ ግን ሳቀች። ሻሿ እስኪንሸራተት ሳቀች። «እሱስ መች ከጠላ ሌላ ያውቅ ነበር!» አለች። ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ፤ ጋሽ ግርማ መሐረቡን ሰጣትና እስኪወጣላት ጠበቃት። በዓመቱ ተጋብተው ሳቢያን ሰፈር ቤት ይዘው ገቡ።

ዛሬ እኔም አክስቴ ያኔ የነበረችበት ዕድሜ ላይ ደርሻለሁ። የድሬ ሆቴሎች በዝተዋል፣ ሰዉም ወይን ለምዷል። ራት የጋበዙኝ ወንዶች አሉ፤ ስለ ወይኑም፣ ስለ አገሩም፣ ስለ እኔም ሳይቀር ብዙ ያውቃሉ። ጨዋዎች ናቸው፣ ክፉ አልናገርባቸውም። ላቡን ጠርጎ «አላውቅም» የሚለኝ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።