ያልጠራችው ስም

ከአሰብ የጭነት መኪና ከሚሴ በደረሰ ቁጥር አንዲት ሴት ከአግዳሚው ብድግ ስትል፣ የሻይ ቤቷ ባለቤት ዘሊካ ሻይዋን ትከድንላታለች። ሴትዮዋ የለበሰችው ጥቁር ልብስ ከየመን የመጣችበት ነው፤ የራሷን ስም እንኳ ለዘሊካ ነግራት አታውቅም። የነገረቻት ይህንኑ ብቻ ነው፦ የሰሜንና የደቡብ የመን ጦርነት ሲብስ መንግሥት ዜጎቹን ከየመን ወደ አሰብ የሚያወጣ መርከብ ላከ። መዝጋቢው ጸሐፊ፣ «ቁስለኛ ባልሽን ከሐኪም ቤት እናመጣልሻለን፤ ስሙ ማነው?» አላት።

«ሙሐመድ።»

«እዚያ የተኛው ሁሉ ሙሐመድ ነው! የማን ልጅ?»

በአገሯ ወግ ምራት ያማቷን፣ የባሏን አባት፣ ስም አትጠራም፤ ነውር ነው። አቀርቅራ ዝም አለች። መርከቡ ያለ ባሏ ተነሣ።

ዛሬ ግን ማንም ሳይጠይቃት፣ ከመኪናው ለወረደ ሁሉ ትጮኻለች፦

«የይመር ልጅ ነው! የአላህ ያለህ፣ የይመር ልጅ!»