የሪማ ጉርሻ

መንበረ ዓረብ አገር፣ ነሲም በሚባል ሰፈር ሰው ቤት ከተቀጠረች ወዲህ በስሟ የጠራት ሰው አልነበረም። የአሠሪዋ ልጅ ሪማ ግን ለበጎ ፈቃድ ሥራ ሐዋሳ ከርማ እንደተመለሰች፣ «መንበረ፣ ደኅና አደርሽ?» አለቻት በአማርኛ። መንበረ ማድቤት ገብታ፣ ሆድ ብሷት አለቀሰች።

አርብ ምሳ ላይ፣ እንግዶች በተሰበሰቡበት፣ ሪማ ጠራቻት። «ሐበሾች ፍቅራቸውን የሚገልጹት እንዲህ ነው» ብላ ከበጉ ሥጋ ጠቅለል አደረገችና፣ «ያላ፣ ጉረሺ» አለቻት። የሁዳዴ ጾም ነበር። የሰው ጉርሻ ደግሞ አይመለስም፤ በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት ምን ታድርግ፣ ዋጠችው። እንግዶቹ አጨበጨቡ።

ጾሟን ገድፋ ሳህን ስታጥብ ሪማ ውሃ ፈልጋ ገባች። ሳታስተውል ለሠራተኛዋ ተለይቶ የተቀመጠውን ኩባያ አነሳች። የማን መሆኑን ስታውቅ መልሳ አስቀመጠችውና፣ ያንኑ ያጎረሰችበትን እጇን በሳሙና ታጠበች።