ናቶ የበላ አይግባ

ጃፓን ውስጥ ከኢቺኖሴኪ ከተማ ወደ ሰሜን የሚያዘግመው ባቡር ጢም ብሎ ሞልቷል፤ በአንድ ሽማግሌ ግራና ቀኝ ብቻ ሰው የለም። ጡረተኛዋ መምህርት ሳዋኮ ምክንያቱ የገባት ከተቀመጠች በኋላ ነው። ሽማግሌው ናቶ ጭናቸው ላይ ከፍተው፣ ያንን ተብላልቶ የሚዝለገለግ አኩሪ አተር፣ ክሩ ከአገጫቸው እየተሳበ ይበላሉ። ሽታው የሰነበተ እርጥብ ካልሲ ነው።

«ይሄ ባቡር ውስጥ ይበላል እንዴ፣ አባት?» አለች ሳቋን ይዛ።

«ከጥቅምት ጀምሮ ጾም ላይ ነበርኩ፣ እህቴ። ቤቴ እስክደርስ አላስቻለኝም።»

ሳዋኮ ወሬ ሲሸታት ሌላ ሽታ አይሸታትም። ጠጋ አለች።

ቶኩጂ ያኤጋሺ ይባላሉ። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ሩዛቸውን አጭደው ከመንደራቸው ይወጡና የብርዱን ወራት ፉኩሺማ ውስጥ ሳኬ የሚባለውን የሩዝ ጠጅ የሚሠራ የአንድ ቤት የጠመቃ አለቃ ሆነው ያሳልፋሉ፤ በሚያዝያ ይመለሳሉ። በእነዚያ ወራት ናቶ እርም ነው። የናቶ ርዝራዥ በሰው ልብስ ተንጠልጥሎ እርሾ ክፍል ከገባ፣ በተቀቀለው ሩዝ ላይ የተዘራውን ደግ ሻጋታ አሸንፎ ሁሉንም ያዝለገልገዋል። የወራት ልፋት ለአሳማ ይሆናል።

የጠመቃው ቤት ባለቤት ሬንታሮ ቤቱን ከአባቱ ከወረሰ ሦስት ዓመቱ ነው። ቶኪዮ ንግድ ተምሮ የመጣ ሰው ነው፤ እሱ ከመጣ ወዲህ ቤቱ ቶሎ ቶሎ ያረጃል። በአባቱ ጊዜ ዕድሜው ሁለት መቶ አሥር ዓመት ነበር፤ ዘንድሮ ጠርሙሱ ላይ ሦስት መቶ አርባ ሞልቶታል።

በጥር የቴሌቪዥን ሰዎች መጡ። ሬንታሮ አዲስ የተሰፋ የጥንት ልብስ ለብሶ እየመራቸው እርሾ ክፍሉ ጋ ደረሰ። ቶኩጂ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ቁርስ ምን በሉ፣ ጌታዬ?»

«ከእንግዶቹ ጋር ዓሣ፣ ሾርባ።»

«ሌላስ?»

«ትንሽ ናቶ። ለጤና ጥሩ ነው። አፌን ታጥቤያለሁ እኮ።»

«እጅጌዎስ?»

ካሜራ የያዘው ሰውዬ የራሱን እጅጌ አሸተተ።

«አለቃ፣ ይሄ የአያት የቅድመ አያቶቼ ቤት ነው።»

«ነው። በሦስት መቶ አርባ ዓመት ውስጥ ናቶ በልቶ እዚህ የገባ አያት ግን የለዎትም።»

ሬንታሮ ወደ ጆሯቸው ተጠጋ። «ወይ እገባለሁ፣ ወይ ለሚመጣው ዓመት ሌላ አለቃ እፈልጋለሁ።»

ቶኩጂ ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ማን ይቀጥራቸዋል? ከኋላቸው ግን ሩዙ ሁለተኛ ቀኑን ይዞ እየሞቀ ነበር። «እንግዲያው ይፈልጉ» ብለው በሩን ከውስጥ ቀረቀሩት።

ሬንታሮ በረዶ ላይ ቆሞ፣ ስለማያየው ክፍል አሥር ደቂቃ ተናገረ። ተመልካቹ ወደደው። ጌታውን የሚያባርር ቤት እውነተኛ ቤት ነው ተባለ። በወሩ ሰው በአውቶቡስ እየመጣ ከተዘጋው በር ጋር ፎቶ ይነሳ ጀመር። ሬንታሮም ሐሳቡ ጥንቱንም የራሱ እንደነበር ለጋዜጣ አስረዳ።

ቶኩጂ ከኮታቸው ኪስ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ለሳዋኮ ሰጧት። የሚመጣው ዓመት ውል ነው። አለቃው ጠመቃውን እንደቀድሞው ይመራል፤ በተጨማሪ በየቀኑ አራት ሰዓትና ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የገለባ ባርኔጣ አድርጎ፣ ባለቤቱን በጎብኚዎች ፊት ከበሩ ያባርራል። ካልፈረመ ሌላ ሰው ይፈለጋል።

«ድሮ ባርኔጣ ታደርጉ ነበር?» አለች።

«ሩዝ ላይ ጎንበስ ብለን? ገለባው እንዲራገፍበት? ልጁ ባርኔጣ ከሚያደርጉ የበዓል ዘፋኞች ጋር አምታቶናል።»

«ታዲያ ይፈርማሉ?»

ሽማግሌው በመስኮት ውኃ ወደተለቀቀባቸው ማሳዎች አዩ። «ሩዙን የሚነካ ቃል አለበት ወይ ብዬ ሦስቴ አነበብኩት። የለበትም።»

ባቡሩ ኢሺዶሪያ ላይ ቆመ። ቶኩጂ ሻንጣቸውን አንስተው ወረዱና ዞር አሉ።

«ባርኔጣውን ሰርዤ እፈርማለሁ፣ እህቴ። እሱን ማባረሩን እኮ ባልቀጠርም በደስታ እሠራው ነበር።»