ሚስተር ናም የሚቆምበት ቦታ

ሚስተር ናም የላውንደሪውን በር ከመክፈቱ በፊት ሁልጊዜ ወደ ሕንፃው ጀርባ ይዞራል። ከኪሱ ያረጀች የቤዝቦል ኳስ ያወጣና ከጡብ ግድግዳው ጋር ያጋጫታል፤ ኳሷ አስፋልቱ ላይ ነጥራ ስትመለስ ጉልበቱን አጥፎ፣ ወገቡን ዝቅ አድርጎ፣ በሁለት እጁ ይቀበላታል። ጓንት አያጠልቅም። ጎረቤት ያሉት የዶናት ቤት ሰዎች ድምፁን ለምደውታል፤ አንድ ቀን ቢቀር ሰውየው ታሞ ይሆን ብለው ይጠይቃሉ። ሲበቃው ኳሷን ወደ ኪሱ ይመልሳል፣ በሩን ይከፍታል፣ የመተኮሻ ማሽኑን እንፋሎት ያስነሣል።

ሀይሌ እዚያ ተቀጥሮ ሥራ በጀመረበት ሳምንት ይህን አይቶ ሰውየው ጤና የለውም ብሎ ደምድሞ ነበር። ዳላስ አጠገብ ሜስኪት ወዳለው አፓርታማው ተመልሶ ለሚስቱ ለከበቡሽ ሲያወራላት፣ «ደመወዝህን ይክፈልህ እንጂ ከፈለገ ግድግዳውን ያግባው» አለችው። ከበቡሽ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የነርስ ረዳት ነበረች፤ ቀኑን ሙሉ ስትታገሥ ስለምትውል ቤቷ ስትገባ ለነገር ዙሪያ ጥምጥም ጊዜ አልነበራትም።

ነገሩ ለሀይሌ የገባው ቆይቶ፣ በሸሚዝ ትኮሳ መካከል፣ በጥቂት በጥቂቱ ነው። ሚስተር ናም አገሩ ኮሪያ ሳለ ደመወዝ እየተከፈለው ቤዝቦል የተጫወተ ሰው ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1982፣ የአገሪቱ የመጀመሪያው የፕሮፌሽናል ሊግ ሲቋቋም፣ በደቡብ በኩል በምትገኝ የወደብ ከተማ ቡድን ውስጥ ሾርትስቶፕ ሆኖ ተሰለፈ። ሾርትስቶፕ፣ ሯጮች ተራ በተራ ከሚረግጧቸው ቤዝ ከሚባሉ ማረፊያዎች በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል የሚቆመው ተከላካይ ነው። ከመቺው ዱላ የወጣች ኳስ መሬት ለመሬት እየነጠረች ስትመጣ ይለቅማትና፣ መቺው ሮጦ አንደኛ ቤዝ ሳይደርስ፣ እዚያ ለቆመው ባልደረባው ሜዳውን አሻግሮ ይወረውርለታል። ውርወራው ረጅም ነው። ክንድ የሌለው ሰው እዚያ ቦታ አይቆምም።

ሚስተር ናም ክንድ ነበረው። በዱላ በኩል እዚህ ግባ የሚባል እንዳልነበረ ራሱም አይክድም። ጋዜጣ ስሙን ያነሣው አልፎ አልፎ ነው፤ ሥራቸውን ጨርሰው ሜዳ የሚገቡት ዓሣ ሻጮች ግን በስሙ ይጠሩት ነበር፤ ኳስ ሲያመልጠውም በዚያው በስሙ ይሰድቡት ነበር። በአምስተኛው ዓመት ትከሻው ውስጥ አንድ ጅማት ተበጠሰ። የብርዱን ወራት ሲታከም ከርሞ ወደ ልምምድ ሲመለስ በእሱ ቦታ ሌላ ሰው ቆሞ አገኘ። አሠልጣኙ ምንም አላለውም። ረዳቶቹም አላሉትም። ጓደኞቹ ጓንታቸውን እንደ አዲስ ነገር ይመረምሩ ጀመር። መስመሩ ላይ ጥቂት ቆመና ወደ ተቀያሪዎች ወንበር ሄደ። ከዚያ ወንበር ሲሰናበት፣ ዳላስ አካባቢ ላውንደሪ የነበረው የሚስቱ ወንድም አስመጣው።

«ቦታዬን ወሰዱት፤ ኦኬ፣ ቤዝቦል ነው» ብሎት ነበር ለሀይሌ አንድ ቀን፣ የሸሚዝ ኮሌታ እየዘረጋ። «አንድ ሰው እንኳ ግን አልነገረኝም።»

ሚስተር ናም ጋርላንድ ባለው የኮሪያውያን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዲያቆን ነው። የአማርኛው ጉባኤ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሚያመልከው በዚያው አዳራሽ ነውና፣ ሀይሌም ሥራውን ያገኘው ከሚስተር ናም ጋር ወንበር አብረው ሲያነሡ ተዋውቀው ነው። በዚያው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1996 ጸደይ ላይ ሚስተር ናም አዲስ ነገር ይዞ መጣ። በአካባቢው ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ቅዳሜ ቅዳሜ የሶፍትቦል ውድድር አላቸው፤ የኮሪያውያኑ ወጣቶች ለትምህርት ተበታትነው ቡድኑ ሰው አጥቷል፤ ከአበሾቹ ፈቃደኛ ይገኝ እንደሆነ ጠየቀ። ሶፍትቦል ያው ቤዝቦል ነው፤ ኳሱ ተለቅ፣ ሜዳው አነስ ይላል። አምስት ሰው ተገኘ።

በመጀመሪያው ልምምድ ሚስተር ናም ኳሷን መሬት ለመሬት ላከላቸው። አምስቱም በእግራቸው አቆሟት። የሁሉም ታላቅ የሆነው የታክሲ ሹፌር ጋሼ ከፍያለው ከማቆም አልፎ ለተስፋዬ በእግሩ አቀበለው፤ ተስፋዬም ወደ ጎል መታ፤ ጎል ግን አልነበረም። ሚስተር ናም ሄዶ ኳሷን ከአጥሩ ሥር አነሣና፣ «ከታላቃችሁ እጅ ዕቃ ስትቀበሉ እንዴት ነው?» ሲል ጠየቀ። ሀይሌ ሁለት እጁን ዘርግቶ ጎንበስ ብሎ አሳየው። ሚስተር ናም ደነቀው። «በእኛም አገር እንዲሁ ነው» አለ። «ኳሷን እንደዚያ ተቀበሏት።»

«እንግዲህ ኳስንም አንቱ ልንላት ነው» አለ ጋሼ ከፍያለው በአማርኛ።

ሀይሌ ቁመት ስላለው አንደኛ ቤዝ ላይ ቆመ። እዚያ የሚቆም ሰው ሕጉ አንድ ነው፤ ኳሷን ሲቀበል እግሩ መሬት ላይ የተነጠፈችውን ነጭ ትራስ መንካት አለበት፤ ካልነካ ሯጩ ደኅና ገባ ይባላል። ሾርትስቶፕ ላይ ማን እንደሚቆም የጠየቀ የለም። ሚስተር ናም ጓንቱን አጠለቀና ወደ ቦታው ሄደ። ዳር ላይ ተቀምጣ የምታየው ከበቡሽ፣ «እዚያ ሲቆም ሰውየው ቁመት ይጨምራል» አለች። እውነቷን ነበር።

ችግሩ የመጣው ከሌዊስቪል ከተማ ቡድን ጋር በተደረገው የመጀመሪያ ጨዋታ ነው። ሚስተር ናም ኳሷን እንደ ድሮው ለቀማት፣ እንደ ድሮው ዞረ፣ ወረወረ። ኳሷ ሀይሌ ዘንድ ሳትደርስ ወድቃ ነጠረችና አለፈችው። ሀይሌ ቀና ሲል የሰውየውን ፊት አየ። በሚቀጥለው ውርወራ ሳያስበው እግሩን ከትራሷ አነሣና፣ ወደ ፊት ተራምዶ ኳሷን አየር ላይ እንዳለች ተቀበላት። የደረሰች መሰለች። ዳኛው ግን እግሩን አይቶ ሯጩን ደኅና ገባ አለው።

«ሀይሌ፣ እግርህ» አለ ሚስተር ናም።

«ይቅርታ፣ ሚስተር ናም።»

በዚህ መልክ ሦስት ጨዋታ ተሸነፉ። ሚስተር ናም ተማሪው ያልገባው ነገር አለ ብሎ፣ በሥራ ቀን የላውንደሪው ፓርኪንግ ላይ ቁራጭ ምንጣፍ አንጥፎ የሀይሌን እግር ያሠለጥን ጀመር። ፓርኪንጉ መኪና ስለሚበዛበት በቅርብ ነው የሚወረውርለት፤ በቅርብ ደግሞ የሀይሌ እግር ንቅንቅ አይልም። ቅዳሜ ሲሆን ተመልሶ ይነሣል። «ሰኞ ታውቃለህ፣ ቅዳሜ ትረሳለህ» ይለዋል ሚስተር ናም ግራ ገብቶት፤ ሀይሌም ጥፋቱን ይቀበላል። ኮሪያውያኑ የሚስተር ናም ክንድ መድከሙን ያውቃሉ። ሰውየው ዲያቆን ነው፣ ታላቅ ነው፣ ድሮም ስም ነበረው፤ ማን አፍ ይከፍታል? አበሾቹም ያውቃሉ። ይሉኝታን በተመለከተ ሁለቱ ወገኖች አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም።

ከሦስተኛው ሽንፈት በኋላ በጋሼ ከፍያለው ታክሲ ወደ ሜስኪት ሲመለሱ መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር፤ ሙቀቱም አይቻልም።

«እግሩን ትራሷ ላይ በሚስማር እንምታለት መሰለኝ» አለ ጋሼ ከፍያለው በመስታወቱ ሀይሌን እያየ።

«ተዉኝ ጋሼ።»

«ሶ፣ ለምን አትነግረውም?» አለ ተስፋዬ። ተስፋዬ ዕቃ አመላላሽ መኪና የሚነዳ፣ ተማሪ ሳለ ጦር ወርዋሪ የነበረ ሰው ነው። «ማለቴ፣ አብረኸው የምትሠራው አንተ ነህ።»

«አንተ ንገረዋ።»

«እኔማ ቦታውን ፈልጎ ነው ይለኛል።»

«እኔም አልናገርም» አለ ጋሼ ከፍያለው። «በዕድሜ እኩያው ነኝ፤ ምቀኝነት ይመስላል።»

ከበቡሽ እስከዚያ ድረስ በመስኮቱ ወደ ውጭ ትመለከት ነበር። «እንዲህ ከተከባበራችሁ ኳሱን ተዉትና ለቅሶ ቤት ሂዱ» አለች። ወደ ባሏ ዞረች። «አገሩ ያሉት ምንም ሳይሉት ቀሩ ብሎ እንደተቀየመ የነገርከኝ አንተ አይደለህም? እናንተ አሁን ምን እያደረጋችሁ ነው?»

ሀይሌ ግን፣ ሚስተር ናም ይህን ቦታ ሁለተኛ ቢያጣ ምን እንደሚሆን ያስብ ነበር። ቢናገረው ሰውየው ሊቀየመው ይችላል፤ ባይናገረው ደግሞ እነዚያን ጓንታቸውን የሚመረምሩትን ሰዎች መሆኑ ነው።

ሰኞ ዕለት ሚስተር ናም ቁራጭ ምንጣፉን ይዞ ሲወጣ ሀይሌ ከማሽኑ አልተነሣም። በእንግሊዝኛ ቢያወሩም በልቡ አንቱ ይለው ነበር።

«ሚስተር ናም፣ የእግሬ ነገር ልምምድ አይፈልግም።»

«ይፈልጋል።»

«የማነሣው አውቄ ነው። ኳሷ እኔ ጋ አትደርስም። እርስዎ እንዳያዩ ብዬ ወደ ፊት እራመዳለሁ።»

የመተኮሻ ማሽኑ እንፋሎት ተፋ። በዚያው ቅጽበት አንዲት ደንበኛ ገባች፤ ሚስተር ናም ምንጣፉን አስቀምጦ የባሏን ኮት ፈልጎ ሰጣት፣ እንደ ልማዱ አመሰገናት፣ በሩ እስኪዘጋ ጠበቀ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሌዊስቪል ጨዋታ።»

«ሌሎቹ ያውቃሉ?»

«ሁሉም ያውቃሉ።»

ሚስተር ናም ጓንቱን አነሣ። ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ባዶ ሜዳ ተሻገሩና የእውነተኛውን ሜዳ ርቀት በእርምጃ ለካ። «እግርህን አታንሣ» አለ። «ለእኔ ብለህ አታንሣ።» ወረወረ። ኳሷ ሀይሌ ፊት ወድቃ ነጠረች። ደገመ፤ ነጠረች። እንደገና ሞከረ፤ በዚህኛው ትከሻውን በሌላ እጁ ያዘ። ሀይሌ ኳሷን አንሥቶ ቆሞ ጠበቀው። ሚስተር ናም ከሩቅ ኳሷ የወደቀችበትን ቦታ፣ ሣሩ የተጨፈለቀበትን፣ ረጋ ብሎ ሲያይ ቆየ።

ወደ ሱቁ ሲመለሱ፣ «ስለነገርከኝ አመሰግንሃለሁ» አለ። ጥቂት ተራመደና፣ «ዛሬ ግን ተናድጃለሁ» ሲል ጨመረ። ከምሳ በኋላ ሱሪ እያጠፈ፣ «ክንድ ያለው ማን ነው?» ሲል ጠየቀ።

«ተስፋዬ። የሚወረውረው ግን የት እንደሚያርፍ አይታወቅም።»

«እሱን አስተምረዋለሁ። ክንድ ነው ማስተማር የማይቻለው።»

ረቡዕ ልምምድ ላይ ሚስተር ናም ተስፋዬን በትከሻው ይዞ ሾርትስቶፕ ላይ አቆመውና፣ ቦታህ ይህ ነው ብሎ በሁሉም ፊት ነገረው። ለምን እንደሆነም በአጭሩ ተናገረ፤ ትከሻዬ አልቋል፣ ኳሱ አይደርስም፣ አለ። ኮሪያውያኑ አንገታቸውን ደፉ። ጋሼ ከፍያለው ጉሮሮውን ጠረገ። ተስፋዬ ለመቃወም አፉን ሲከፍት ሚስተር ናም ኳሷን ወረወረለትና መልስ የሚሰጥበት ጊዜ አሳጣው። ራሱ ወደ ሁለተኛ ቤዝ ተሻገረ። ከዚያ እስከ ሀይሌ ያለው ርቀት ቅርብ ነው፤ የእጁን አንጓ ብቻ አንቀሳቅሶ ያቀብለዋል። ፀሐይ እስክትጠልቅ ሠሩ። ከበቡሽ በረዶ የገባበት ውኃ ስታድላቸው ሚስተር ናም ሁለተኛ ቤዝ ላይ ሆኖ ከሀይሌ ጋር ማውራት እንደሚመች ነገራት፤ ሾርትስቶፕ ላይ ሰው ብቻውን ነው አላት።

ቅዳሜ ከሳክሲ ከተማ ቡድን ጋር ተጫወቱ። የተስፋዬ የመጀመሪያ ውርወራ በሀይሌ ራስ ላይ አልፋ የአንድ ምእመን መኪና መታች። ሁለተኛዋ ደረሰች። ሚስተር ናም ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሁለተኛ ቤዝ ላይ ተጫወተ።